ከሲሚንቶ የሚወጣው ካርቦን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ሲሚንቶ ከማምረት ነው። ይህን ጋዝ ይዞ ከመሬት በታች ስለማስቀመጥ ሲነሣ ግን ደጋግመው የሚሰሙ የተሳሳቱ አባባሎች አሉ።

«ፋብሪካው በንጹሕ ኃይል ቢሠራ ችግሩ ያበቃል»

አያበቃም። ኤሌክትሪካችን ከግድብ ስለሚመጣ በተለይ እኛ በዚህ እንጽናናለን። ጋዙ የሚወጣው ግን ከሚነደው ከሰል ብቻ ሳይሆን ከድንጋዩም ነው። የእንቁላል ቅርፊት ላይ ሎሚ ጭመቁበትና ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ጥቃቅን አረፋ ይወጣል። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቅርፊቱም የሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ የሆነው የኖራ ድንጋይም በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው። ሎሚው ያወጣውን ጋዝ በፋብሪካ ሙቀት ያወጣዋል፦ 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል፤ 44 ኪሎው ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። የሲሚንቶ ፋብሪካ ከሚለቀው ካርቦን 60 በመቶ ገደማው ይኸው ከድንጋዩ የሚወጣው ነው። ነዳጁ ቢቀየርም እሱ አይቀርም።

«ማጣሪያ ተገጥሞለታል፣ አቧራ አይታይም»

ማጣሪያው የሚይዘው አቧራ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በማጣሪያው አልፎ ይሄዳል።

«ጋዙን ይዞ መቅበር ገና ወረቀት ላይ ያለ ሐሳብ ነው»

ኖርዌይ ውስጥ ብሬቪክ በተባለች ከተማ ያለው የሃይደልበርግ ማቴሪያልስ ፋብሪካ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ሥራውን ጀምሯል። ጭሱ አሚን በሚባል ኬሚካል ፈሳሽ ውስጥ ያልፋል፤ ፈሳሹ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይይዛል፣ ሲሞቅ መልሶ ይለቀዋል። የተለየው ጋዝ ቀዝቅዞና ታምቆ ፈሳሽ ይሆንና በመርከብ ወደ ምዕራብ ጠረፍ ይጓዛል። ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር በሚሆን ቧንቧ ወደ ሰሜን ባሕር ይሄድና ከባሕሩ ወለል 2,600 ሜትር ያህል በታች ይገባል። ዕቅዱ በዓመት 400,000 ቶን ነው።

«የተቀበረው ጋዝ አንድ ቀን ገንፍሎ ይፈጀናል»

ፍርሃቱ ይገባኛል። በ1986 (እ.ኤ.አ.) ካሜሩን ውስጥ ከኒዮስ ሐይቅ የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,700 ያህል ሰው በአንድ ሌሊት ገድሏል። እዚያ ግን ጋዙ የተጠራቀመው በሐይቁ ውሃ ውስጥ ነበር፤ የሚከድነው አለት አልነበረም። በሰሜን ባሕር የሚገባው ወደ ባዶ ዋሻ ሳይሆን በአሸዋማ ድንጋይ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው፤ ከላዩም ጋዝ የማያሳልፍ ጥቅጥቅ ያለ አለት አለ። በዚያው ባሕር ስላይፕነር በተባለ ቦታ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከተፈጥሮ ጋዝ የተለየ ካርቦን ሲቀበር ቆይቷል። ክትትል ግን ለነገ የሚባል አይደለም፤ በተለይ አሮጌ ጉድጓዶች በደንብ ካልተደፈኑ ያፈስሳሉ።

«እንግዲህ ጋዙን መያዝ ከተቻለ ሌላ ነገር አያስፈልግም»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። ሥራው ብዙ ሙቀትና ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ የኖርዌይ መንግሥት ከወጪው አብዛኛውን ባይሸከም ኖሮ ብሬቪክ እዚህ ባልደረሰ። እንዲያም ሆኖ የሚይዘው ከፋብሪካው ልቀት ግማሽ ያህሉን ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ክሊንከር፣ ማለትም የኖራ ድንጋዩ በምድጃ ተቃጥሎ የሚወጣውና ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጠጠር፣ መቀነስ አለበት፤ ለእኛ ደግሞ ይህ ሩቅ አይደለም። ገበያ ላይ ያለው ፒፒሲ ሲሚንቶ ከክሊንከሩ ከፊሉ እንደ ፑሚስ ባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተተካበት ነው። ቶሎ መጠንከር ያለበት ኮንክሪት ኦፒሲ (ከሞላ ጎደል ክሊንከር ብቻ የሆነው ሲሚንቶ) ይፈልግ ይሆናል፤ ለልስንና ለግንብ ግን ፒፒሲ ይበቃል።