የጀርባ ቦርሳ የውጭ ኪስ፦ ባዶውን የሚቆም ኪስ እንዴት ይሠራል?

የውጭ ኪስ በጀርባ ቦርሳ ፊት ወይም ጎን ላይ የሚሰፋ፣ የራሱ አፍ ያለው ኪስ ነው። ስልክ፣ ቁልፍ፣ ቻርጀር፣ ኮዳ ይገባበታል። ከቦርሳው ሁሉ በቀን ብዙ ጊዜ የሚከፈተው እሱ ነው። ቀድሞ የሚበላሸውም እሱው ነው። አፉ ይረግባል፣ ማዕዘኑ ይጨማደዳል፣ ወይ ደግሞ ቦርሳው ሲሞላ ተለጥፎ እጅ አላስገባ ይላል።

ባዶ ጆንያ ቀጥ ብሎ አይቆምም ይባላል። ጥሩ የውጭ ኪስ ግን ባዶውን መቆም አለበት። ብዙ ሰው ምስጢሩ ወፍራም ጨርቅ ይመስለዋል። ኪስን የሚያቆመው መጀመሪያ አቆራረጡ ነው፤ ቀጥሎ ስፌቱ፤ ጨርቁ ሦስተኛ ነው። በዚህ የማይስማሙ ቦርሳ ሰፊዎች አሉ፤ ስፖንጅ የሌለበት ኪስ አይቆምም ይላሉ። ስፖንጅ ግን የተሳሳተ አቆራረጥን ለጥቂት ወራት ይደብቃል እንጂ አያርመውም።

የክቡ ሒሳብ

ቦርሳ ሲሰፋ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነው። ሲሞላ ግን እንደ በርሜል ያብጣል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ነው። የቦርሳው ፊት አብጦ ራዲየሱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቅስት ሠራ እንበል። ኪሱ ከዚያ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ መውጣት ካለበት፣ የኪሱ ፊት የሚያርፍበት ቅስት ራዲየስ 20 ይሆናል። ስለዚህ ሥሩ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር የነበረው ስፋት ፊቱ ላይ 27 ገደማ ይጠይቃል። ፊቱን ከቦርሳው ጋር የሚያገናኘው የግድግዳው ጨርቅ ገና አልተቆጠረም።

ኪሱ ይህን ትርፍ ካላገኘ ከቦርሳው ይበደራል። የገባበት ዕቃ ወደ ውጭ መውጣት ሲያቅተው ወደ ውስጥ ይገፋና የዋናውን ክፍል ቦታ ይበላል።

የመጀመሪያ ቦርሳዬን ስሰፋ ይህን አላውቅም ነበር። ኪሱን እንደ ሸሚዝ ኪስ ጠፍጣፋ አድርጌ ለጠፍኩት። ባዶ ሳለ ያምር ነበር። ቦርሳውን ደብተር ስሞላው ኪሱ ከበሮ ሆነ፤ እጅ ይቅርና ሳንቲም አላስገባ አለ። ከዚያ ወዲህ ኪስ ስሞክር መጀመሪያ ዋናውን ክፍል ጥቅጥቅ አድርጌ እሞላለሁ፤ ቀጥሎ እጄን ኪሱ ውስጥ እከታለሁ። የሱቅ ቦርሳም ሲገዛ በዚሁ መንገድ ቢፈተሽ ይሻላል። ሻጩ ቅር ሊለው ይችላል፤ ይበለው።

አቆራረጥ

ጠፍጣፋው ኪስ ለወረቀትና ለትኬት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም።

ቅርጽ የሚይዘው ሣጥን ኪስ ነው። ቀላሉ አሠራር ከካርቶን ይኮረጃል። ስፋቱ 20፣ ቁመቱ 25፣ ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኪስ ቢፈለግ፣ ለሁለቱ ጎንና ለታች 5 ይጨመራል። ስለዚህ ጨርቁ 30 በ30 ይሆናል። ከታች ሁለቱ ማዕዘኖች 5 በ5 የሆነ ካሬ ተቆርጦ ይወጣል። የተቆረጡት ጠርዞች እርስ በርስ ሲሰፉ ጨርቁ ራሱ ይነሣና ሣጥን ይሆናል። ጀማሪ የሚሳሳተው የስፌት ትርፉ ላይ ነው። ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተጨምሮም ከጫፍ ተለክቶ የሚወጣው ካሬ ያው 5 በ5 ነው። ስድስት ካደረጉት ኪሱ ተጣሞ ይቀራል።

ሁለተኛው አሠራር ፊቱን ለብቻ፣ ግድግዳውን እንደ ቀበቶ ለብቻ ቆርጦ ማገጣጠም ነው። ሥራው ይበዛል፤ ውጤቱ ግን ያምራል። ማዕዘኑ ክብ ሲሆን የቀበቶው ትርፍ በመቀስ ጫፍ በትናንሹ ይተለተላል፤ ካልሆነ ጨርቁ አይዞርም፣ ይሰበሰባል። ፊቱና ግድግዳው በሚገናኙበት ስፌት ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀጭን ገመድ ከተሰፋ ጠርዙ የጀርባ አጥንት ያገኛል። ጥቂት ግራም ብቻ ይጨምራል፤ ቅርጽ በመያዝ ግን ከስፖንጅ ይበልጣል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ይህን ለጌጥ ብቻ የሚያደርጉት ይመስላል፤ ቀለሙን ይለያዩና ገመዱን ይተዉታል።

ሦስተኛው ወናፍ ኪስ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛም ከአንጥረኛው ወናፍ የመጣ ነው። ግድግዳው መሐል ላይ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ዕቃ ሲገባ ይከፈታል፣ ሲወጣ ይተኛል። እጥፋቱ በብረት ካውያ ተተኩሶ ጠርዙ ላይ በስፌት ካልተያዘ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ የት እንደሚታጠፍ ይረሳዋል።

የጎን ኪስ ሒሳቡ ሌላ ነው። 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮዳ 8 ሴንቲ ሜትር መሠረት ላይ ቢቆም፣ ከስፌት እስከ ስፌት ቢያንስ 21 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ያስፈልገዋል። ብዙ ቦርሳ ላይ ይህ ስለሚነፈግ ሃይላንዱ በትግል ገብቶ በራሱ ጊዜ ይፈናጠራል። በላስቲክ መረብ የሚሠራው የጎን ኪስ ከዚህ ሒሳብ ያመልጣል፤ ቅርጽ ይይዛል ግን አይባልም።

አፍ እና ጨርቅ

ሣጥን ሆኖ የተሰፋ ኪስም አፉ ላይ ይወድቃል፤ ከአራቱ ጠርዞች በምንም ያልተያዘው እሱ ብቻ ነውና። መድኃኒቱ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፎ ውስጡ ጠንካራ የማንገቻ ጥብጣብ መስፋት ነው። ዚፕ ካለ ደግሞ ዚፑ ራሱ ያንን ሥራ ይሠራል። ስዊድን ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረው ጌዴዎን ሰንድባክ የዛሬውን ዓይነት ዚፕ በ1913 ሲያወጣ ስለ ቦርሳ አላሰበም ይሆናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዚፑ ፊቱ ላይ ሳይሆን የላይኛው ግድግዳ ላይ ቢውል ኪሱ ሲሞላም አይወጠርም። ሲሰፋ ጨርቁ ከተሳበ ዚፑ እንደ ማዕበል ይሆናል፤ ያ ደግሞ በካውያ አይድንም። ማዕዘን ለሚዞር ዚፕ ጥርሱ ከተጠቀለለ ናይለን ክር የተሠራው ይመረጣል፤ በደንብ ይታጠፋል።

የጨርቅ ውፍረት በዴኒየር ይለካል። ዴኒየር የ9,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ነው። 1,000 ዴኒየር የሚባለው ክር 9,000 ሜትሩ አንድ ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ቁጥሩ የክሩን ውፍረት እንጂ የጨርቁን ድርቀት አይናገርም። ጀርባው በፕላስቲክ የተቀባ ቀጭን ጨርቅ ካልተቀባ ወፍራም ጨርቅ የተሻለ ሊቆም ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ጨርቅ ለመቆጠብ ሲባል ኪስን ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ ነው። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣል፣ ሸራም ቢሆን።

ከየት መጣ?

ስለ ቦርሳ የሚጽፍ ሁሉ ስለ ጠንካራው አጽም ስለ ፍሬሙና ስለ ማንገቻው ይጽፋል። ኪሱን ከመሐል ፈልቅቆ ማውጣት ያስፈልጋል።

በ1991 በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረው ኡትዚ የሚባለው ሰው አጠገቡ የታጠፈ እንጨት ነበር። የሸክም ፍሬም ነው የሚሉ አሉ፤ የበረዶ ጫማ ነው የሚሉም አልጠፉም። የማያከራክረው ቀበቶው ላይ የተሰፋው የቆዳ ኪስ ነው። ውስጡ ስለታም ድንጋዮች፣ የአጥንት ወስፌና እሳት ማቀጣጠያ ተገኝቷል። በ1909 አካባቢ ኖርዌያዊው ኦሌ በርጋን ጀርባ ላይ የሚመጥን ፍሬም ያለው ቦርሳ ፓተንት አወጣበት። የብሪታንያ ወታደሮች ዛሬም ቦርሳቸውን በርገን ይሉታል።

የኪሱ ወርቃማ ዘመን ግን አሜሪካ ውስጥ ነው። ዚፕ ያለውን የጀርባ ቦርሳ በ1938 ቀድሞ የሠራው ጌሪ ከኒንግሃም እንደሆነ በብዛት ይነገራል። የገመድ ጫፍ ላይ ተጭኖ የሚለቀቀውን በስፕሪንግ የሚሠራ ማጥበቂያም የፈጠረው እሱ ነው ይባላል። በ1952 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲክ ኬልቲና ባለቤቱ ኒና በቤታቸው ቦርሳ መሥራት ጀመሩ። እሱ የአሉሚኒየሙን ፍሬም፣ እሷ ስፌቱን። ከከባዱ ሸራ ወጥተው ወደ ናይለን ገቡ፤ ኪሱን በዚፕ ዘጉት፤ የቦርሳውን አፍ ከፍቶ የሚይዝ ዘንግ ጨመሩ። ያ ዘንግ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ቁልጭ ብሎ የታየበት ነው፦ ጨርቁ ይለስልስ፣ አፉን ግን አንድ ጠንካራ ነገር ይያዘው። በ1963 አሜሪካውያን ኤቨረስትን ሲወጡ የኬልቲን ቦርሳ ተሸክመው ነበር።

በ1967 ደግሞ ሲያትል ውስጥ ሙሬይ ፕሌትዝ፣ ጃን ሉዊስና ስኪፕ ዮዌል ጃንስፖርትን አቋቋሙ። ድርጅቱ የተሰየመው በጃን ነው፤ ቦርሳውን የምትሰፋው እሷ ነበረች። ሙሬይ፣ አግብተሽኝ ብትሰፊልኝ ስሙን ባንቺ አደርገዋለሁ ብሏት ነበር ይባላል። በ1970ዎቹ ትንሹ ቦርሳቸው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት መደብር ተሸጦ ከተራራ ወደ ትምህርት ቤት ወረደ። ከዚያ በኋላ የፊቱ ኪስ የተማሪ እስክሪብቶ ቤት ሆነ። የፍሬም ፈጣሪ በየመጽሐፉ ይወደሳል። ኒናና ጃን ግን የሚነሡት እግረ መንገድ ነው። መርፌ የያዘ ሰው ይህን ሳያስተውል አያልፍም።

በ1973 የአሜሪካ ጦር የተቀበለው አሊስ የተባለ ትጥቅ መካከለኛ ቦርሳው ላይ ሦስት የውጭ ኪስ አለው። ትልቁ ላይ ከበላያቸው ሦስት ትናንሽ ይጨመራሉ። ኪሶቹ ሥር ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። በ1978 ፊየልሬቨን የተባለው የስዊድን ድርጅት ካንከን የሚባለውን ቦርሳ አወጣ። የተማሪዎች ጀርባ ሕመም ያሳሰበው ዘመን ነበርና ቦርሳው እንደ መጽሐፍ አራት ማዕዘን ተደርጎ ተሠራ። ጀርባው ውስጥ የሚወጣ ስፖንጅ አለው፤ መቀመጫም ይሆናል፣ ቅርጹንም ይይዛል። በ1997 የመጣው ሞሌ የተባለ የአሜሪካ ጦር ትጥቅ ደግሞ ኪስን ከቦርሳው ነጥሎ በጥብጣብ የሚታሰር አደረገው።

የእኛ ማኅደር

ቅርጽ የሚይዝ መያዣ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ ነው፤ ሁለቱም ሲራቆቱ ይወድቃሉ። ማኅደር ግን አይወድቅም። የብራና መጽሐፍ የሚገባበት ይህ የቆዳ መያዣ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ከላይ እንደ ክዳን ይገጥማል። ማንገቻው በትከሻ ያስይዘዋል፣ በግድግዳ ችካል ላይም ያሰቅለዋል። መጽሐፉ ወጥቶም ማኅደሩ እንደቆመ ነው። ያለ ሽቦ፣ ያለ ፕላስቲክ፤ በመጽሐፉ ልክ በመሰፋቱና በቆዳው ድርቀት ብቻ። አገልግል በሌላ መንገድ ሄዷል። ውስጡ ስፌት ነው፣ ላዩ ቆዳ ነው። ቅርጹን ስፌቱ ይይዛል፣ መንገዱን ቆዳው ይችላል። ዛሬ ጨርቅና ገበር መካከል ፕላስቲክ የሚያስገባ ፋብሪካ የሚሠራው ያንኑ ነው።

የደጋ በጎቻችን ቆዳ በዓለም የሚታወቀው ለጓንት ነው፤ ቀጭንና ለስላሳ ነውና። ለኪስ ያው ባሕርይ ፈተና ይሆናል። ከጀርባው ደረቅ ነገር ካልተለጠፈለት ኪሱ በሳምንት ውስጥ እንደ ካልሲ ይንጠለጠላል።

የረገበ ኪስ ይጠገናል

ገበር ያለው ኪስ ከሆነ የገበሩ የታች ስፌት አራት ጣት ያህል ይፈታል። ከዘይት ጄሪካን ጎን ጠፍጣፋው ቦታ ተቆርጦ በኪሱ ፊት ልክ ይዘጋጃል፤ ከዙሪያው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይቀነሳል። ጄሪካኑ የሚሠራበት ፕላስቲክ ፋብሪካዎች ቦርሳ ውስጥ ከሚከቱት ዓይነት ነው። ጥቅልል ተደርጎ ይገባና ውስጥ ይዘረጋል። ከዚያ ስፌቱ በእጅ ይመለሳል። ከማስገባትዎ በፊት ግን አራቱን ማዕዘን በመቀስ ያክብቡ፤ ሹል የቀረ እንደሆነ ጨርቁን ይበሳዋል።