እምቢ፣ ተው፣ ነውር፣ ክልክል፦ የእምቢታና የክልከላ ቃላት በአማርኛ

አማርኛ ለእምቢታና ለክልከላ ብዙ ቃላት አሉት። ልዩነታቸው የሚታየው ከልካዩ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ነው። ራሴ ነኝ? ታላቄ ነው? ሰፈሩ ነው? ሃይማኖት ነው ወይስ ሕግ? ለእያንዳንዱ የተለየ ቃል አለ።

መሠረቱ ሰዋስው ነው። "ሂድ" ሲከለከል "አትሂድ" ይሆናል። "ም" ሲጨመርበት "አትሄድም" ነው፤ ያኔ ነገሩ የተቆረጠ ውሳኔ ይሆናል። እናት "ዛሬ የትም አትሄድም!" ካለች ክርክሩ አለቀ። "እንዳትሄድ" ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ብዙ ጊዜ "ዋ!" አብሮት ይመጣል።

"እምቢ" የራስ ፈቃድ ቃል ነው። ሕፃኑም አርበኛውም ይለዋል። ጠንከር ሲል "አሻፈረኝ" ይሆናል። ደስ የሚለው ደግሞ በአማርኛ ግዑዝ ነገርም እምቢ ማለቱ ነው። እንቅልፍ እምቢ ይለናል። በሩ "አልከፈት" ይላል፣ እድፉ "አልለቅ" ይላል፣ መኪናው ጠዋት በብርድ "አልነሳ" ይላል። ዕቃው ሁሉ በራሱ አንደበት ይናገራል።

ለታላቅ ሰው ግን ፊት ለፊት "እምቢ" አይባልም። "አይ፣ ይቅርብኝ"፣ "እስቲ ላስብበት"፣ "እናያለን" ይባላል። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅም አባት ቶሎ አይመልስም። "ከዘመድ ልምከር" ብሎ ይቀጥራል፤ እሺ ይሁን እምቢ ገና አይታወቅም። ማዕድ ላይ "ጠግቤያለሁ" ያለ እንግዳ "በሞቴ!" ሲባል አንድ ጉርሻ መቀበሉ አይቀርም። ለለማኝ "እግዜር ይስጥልኝ" ማለትም ዛሬ የምሰጠው የለኝም ማለት ነው። የተከለከለው ሰው ምርቃት ይዞ ይሄዳል።

ከሁሉም የምወደው "ተው" ነው። ተው፣ ተይ፣ ተዉ፣ ይተዉ እያለ በጾታ፣ በቁጥርና በአክብሮት ይለዋወጣል። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ የማያውቃቸው አላፊ አግዳሚ "ኧረ ተዉ!" እያለ መሐል ይገባል። ሥልጣን የለውም፣ የሚቀጣበትም ነገር የለውም። ግን ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይኸው ቃል ያጽናናል፦ "ተው፣ አታልቅስ"። ወሬ ሲጋነንም "ተው እንጂ!" ይባላል። ተው ሲባል ያልሰማ ሰው የሚደርስበት ተረት አለ፦ "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው"።

"ነውር" የሰፈሩ ነው። ጽሑፍም ፖሊስም አይፈልግም። ልጅ በልጅነቱ ስለሚሰማው አድጎም አይለቀውም። አጥር ላይ "መሽናት ክልክል ነው" ከሚል ጽሑፍ ይልቅ በዚያ የሚያልፉ እናት "ነውር ነው!" ቢሉ ይበልጥ ይከለክላል ብዬ አምናለሁ።

የሃይማኖቱ ቃል ከዚህ ይከብዳል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን "ገዘተ" ማለት በእግዚአብሔር ስም ከለከለ ማለት ነው፤ "አወገዘ" ደግሞ ከአንድነቱ ለየ። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ወልድ ፍጡር ነው ብሎ ያስተማረውን አርዮስን አወገዙ፤ "ውጉዝ ከመ አርዮስ" (እንደ አርዮስ የተወገዘ) የሚለው የግእዝ አነጋገር ዛሬም በምእመናን አፍ አለ። ግዝት ለአገርም ውሏል። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡ ለፋሺስት ጣልያን እንዳይገዛ ገዝተው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። ጳጳሱ ያለ መሣሪያ በአንድ ቃል ነው የተከላከሉት።

"እርም" እና "ሐራም" የበቀሉበት ሥር አንድ ነው፤ አንዱ ከግእዙ "ሐረመ" በኩል፣ ሌላው ከዓረብኛ መጣ። ሙስሊሙ ሃይማኖቱ የከለከለውን "ሐራም" ይላል። "እርም" ግን ሰፍቷል፦ መጠጥ የተወ ሰው "እርም ብያለሁ" ይላል፣ ለሟች አልቅሶ የወጣለትም "እርሙን አወጣ" ይባላል።

"ክልክል" የመንግሥትና የማስታወቂያ ቃል ነው። "ማጨስ ክልክል ነው" የሚለው ጽሑፍ ከኋላው ሕግ አለ፦ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ዝግ ቦታዎች ማጨስን ይከለክላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18ም በሰው መነገድን ይከለክላል። "ታገደ" ሲባል ነገሩ ለጊዜው ቆመ ማለት ነው፤ "ተሻረ" ሲባል ከነአካቴው ቀረ። ፍርድ ቤት አቤቱታን "ውድቅ" ያደርጋል። ምክር ቤት ውስጥ ደግሞ ድጋፍም ተቃውሞም ያልሰጠ "ድምፀ ተአቅቦ" አድርጓል ይባላል።

የቢሮ ደብዳቤ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይሸሻል። "ጥያቄዎን ለማስተናገድ የምንቸገር መሆኑን እንገልጻለን" ብሎ ይጽፋል። ባለጉዳዩ ደግሞ ደጋግሞ አንብቦ "ታዲያ ተፈቀደ ወይስ ተከለከለ?" ብሎ ሰው ይጠይቃል። ትሕትናው ይገባኛል። ሆኖም "አልተፈቀደም" ብሎ ምክንያቱን ቢጽፍ ሰውየው በማግሥቱ ያንኑ በር አያንኳኳም ነበር።