የዊልያም ዋላስ «የስብዕና ዓይነት» ምንድን ነው?

ጥያቄዎቹን ትሞላላችሁ፣ አራት ፊደል ይወጣላችኋል። ከዚያ በኋላ «እኔ እኮ ኢ-ኤን-ኤፍ-ጄ ነኝ» ማለት ነው፤ የደም ዓይነት እንደመናገር። የስብዕና ዓይነት የሚባለው ይሄ ነው።

የሐሳቡ መነሻ ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ነው፤ 1921 ላይ አሳተመው (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ወደ መጠይቅ የቀየሩት ደግሞ አሜሪካዊቷ ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ ናቸው። ነገሩ ሲጠቃለል አራት ጥያቄ ነው። የሚያበረታህ ሰው መሃል መሆን ነው (ኢ) ወይስ ብቻህን መሆን (አይ)? የምታምነው ያየኸውንና የዳሰስከውን ነው (ኤስ) ወይስ ውስጥህ የሚነግርህን (ኤን)? ስትወስን የምታስቀድመው አመክንዮን ነው (ቲ) ወይስ ስሜትን (ኤፍ)? ነገር ቶሎ ቁርጥ እንዲልልህ ትፈልጋለህ (ጄ) ወይስ እንደሁኔታው መሄድ ይመችሃል (ፒ)? ሲባዛ 16 ዓይነት ሰው ይሆናል።

ሰው በራሱ አልበቃ ብሎት ለሞቱትም ፊደል ያድላል። ስኮትላንዳዊው ተዋጊ ዊልያም ዋላስም ደርሶታል። በ1995ቱ «ብሬቭሃርት» ፊልም ያየነው፣ ፊቱን ሰማያዊ ቀብቶ የሚጮኸው ሰውዬ ነው። እሱን ካያችሁ ኢ ብሎ መጀመር ቀላል ነው። እውነተኛው ሰውዬ ግን ያስቸግራል።

መስከረም 11 ቀን 1297 ስተርሊንግ ድልድይ ላይ የሆነውን እንይ። ድልድዩ ጠባብ ነው፤ ሁለት ፈረሰኛ ጎን ለጎን ቢያልፍ ነው። ዋላስና የትግል ጓደኛው አንድሪው ሞሬይ ዝም ብለው ጠበቁ። ከእንግሊዝ ጦር የበቃቸውን ያህል ከተሻገረ በኋላ ድልድዩን ዘግተው ፈጁት። ፊልሙ ይህን ጦርነት ሲያሳይ ድልድዩን ጭራሽ ትቶታል። ትዕግሥቱም አብሮ ቀረ።

ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ በሁለቱ ስም ደብዳቤ ወጣ። የተጻፈው ለጀርመኖቹ የሊዩቤክና የሐምቡርግ ከተሞች ነው። ስኮትላንድ ከእንግሊዞች እጅ በጦርነት ነጻ ወጥታለች፣ ምስጋና ለእግዚአብሔር፣ ነጋዴዎቻችሁ ወደ ወደቦቻችን ያለ ስጋት መምጣት ይችላሉ ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ጆን በርኔትና ጆን ፍሬር የሚባሉ ሁለት ነጋዴዎቻችንን ጉዳይ አደራ፣ እኛም ለእናንተ ሰዎች እንዲሁ እናደርጋለን ይላል። እኔ ይህን ሰነድ ከየትኛውም የጦር ሜዳ ንግግር አስበልጬ እወደዋለሁ።

በሌላ በኩል አንድ የእንግሊዝ ገዳም ዜና መዋዕል፣ ዋላስ ስተርሊንግ ላይ ከወደቀው ከእንግሊዙ ግምጃ ቤት ሹም ከክሬሲንግሃም ቆዳ የሰይፍ መታጠቂያ አሠራ ይላል። የጠላት ወሬ ነውና በጥንቃቄ ያዙት። እውነት ከሆነ ግን ለዚህ የሚሆን ፊደል መጠይቁ ውስጥ የለም።

ነሐሴ 23 ቀን 1305 ለንደን ላይ ለፍርድ ሲያቀርቡት ከሃዲ ነህ አሉት። ለእንግሊዝ ንጉሥ ምዬ አላውቅም፣ ታዲያ ማንን ከዳሁ ነው መልሱ። አመክንዮ ነው ወይስ ስሜት? እኔ ሁለቱም ይታየኛል። በዚያው ቀን በስቃይ ገደሉት።

መጠይቁ በመሠረቱ ሰው ስለራሱ የሚሞላው ነው። በሕይወት ያለው ሰው እንኳ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ሲሞላው ብዙ ጊዜ ሌላ ፊደል ያገኛል። ለዋላስ የሚሞሉለት ደግሞ ሌሎች ናቸው፤ የሚሞሉትም ብላይንድ ሃሪ የተባለ ገጣሚ ሰውዬው ከሞተ ከ170 ዓመት ገደማ በኋላ ከጻፈው ተረት በመነሳት ነው። ገጣሚው አባቱን ማልኮም ይለዋል። ደብዳቤው ላይ ያለው ማኅተም ግን «የአላን ልጅ ዊልያም» ተብሎ ነው የሚነበበው።

ግድ ካላችሁኝ አንድ ፊደል እሰጠዋለሁ፦ ጄ። ጦርነቱ ገና ሳያልቅ የሁለት ነጋዴዎችን ጉዳይ የሚከታተል ሰው ነገር ማንጠልጠል የሚወድ አይመስልም። የቀሩት ሦስቱ የገጣሚው ናቸው።