ኢንዴክስ ፈንድ ምንድን ነው?

ኢንቨስት ማድረግ የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን አክሲዮን ልግዛ?» ብሎ ነው። ኢንዴክስ ፈንድ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ «ሁሉንም» የሚል ነው። ባለሙያ ተቀምጦ ያተርፋል ያለውን ኩባንያ እየመረጠ አይገዛለትም፤ ፈንዱ አስቀድሞ በታወቀ ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ኩባንያዎች አክሲዮን አብዛኛውን ጊዜ በገበያው ውስጥ ባላቸው መጠን ልክ ገዝቶ ይይዛል። የዝርዝሩ ዋጋ ሲወጣ አብሮ ይወጣል፣ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ከዚህ የተለየ ነገር አይጠበቅበትም፤ ከዝርዝሩ ርቆ ከተገኘ ሥራውን በትክክል አልሠራም ማለት ነው።

ኢንዴክስ የሚባለው ይኸው ዝርዝር ነው፤ ራሱ የኩባንያዎቹ ዋጋ መለኪያ እንጂ የሚገዛ ነገር አይደለም። ዳው ጆንስ የሚባለው የአሜሪካ ኢንዴክስ እ.ኤ.አ. በ1896 በ12 ኩባንያዎች ተጀመረ፤ ዛሬ 30 ኩባንያዎችን ይዟል። ኤስ ኤንድ ፒ 500 ደግሞ ከ1957 ጀምሮ 500 የሚሆኑ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ይከታተላል፤ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ የሚወስን ኮሚቴ አለው። ፈንዱ ከብዙ ሰው የተሰበሰበ ገንዘብ ነው፤ በዚያ ገንዘብ የተገዙት አክሲዮኖች የፈንዱ ባለድርሻዎች የጋራ ንብረት ናቸው።

ገንዘቡ እንዴት ይከፋፈላል?

ሦስት ኩባንያዎች ብቻ ያሉበት ገበያ እናስብ። የአንደኛው ኩባንያ አክሲዮኖች በሙሉ ቢደመሩ 600 ሚሊዮን ዶላር ያወጣሉ፣ የሁለተኛው 300 ሚሊዮን፣ የሦስተኛው 100 ሚሊዮን። የገበያው ጠቅላላ ዋጋ 1 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ የኩባንያዎቹም ክብደት 60፣ 30 እና 10 በመቶ ይሆናል። ፈንዱ ውስጥ 1,000 ዶላር ያስገባ ሰው ከአንደኛው የ600፣ ከሁለተኛው የ300፣ ከሦስተኛው የ100 ዶላር አክሲዮን ያዘ ማለት ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ አንደኛው በ10 በመቶ ቢወርድ፣ ሁለተኛው ባለበት ቢቆም፣ ሦስተኛው ዋጋው እጥፍ ቢሆን፣ የሰውየው ድርሻ 540፣ 300 እና 200 ዶላር ይሆናል። ድምሩ 1,040 ዶላር ነው፤ 4 በመቶ ጨምሯል። ገበያውም እንዳለ ከ1 ቢሊዮን ወደ 1 ቢሊዮን 40 ሚሊዮን አድጓል፤ ያም 4 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ፈንዱ በዓመቱ ውስጥ አንድም አክሲዮን አልገዛም፣ አንድም አልሸጠም። የኩባንያዎቹ ክብደት ግን በራሱ ጊዜ ተቀይሮ ወደ 52፣ 29 እና 19 በመቶ ሆኗል። ፈንዱ የሚገበያየው ኩባንያ ወደ ዝርዝሩ ሲገባ ወይም ሲወጣ፣ አዲስ አክሲዮን ሲወጣ፣ ወይም ሰዎች ገንዘብ ሲያስገቡና ሲያወጡ ነው። የዋጋው ርካሽነት ምንጩ ይኸው ነው፤ ኩባንያ የሚያጠኑ ብዙ ተንታኞችን መቅጠር አያስፈልግም፣ የመግዣና የመሸጫ ኮሚሽንም ትንሽ ነው።

ይህ አሠራር ትልልቆቹን ኩባንያዎች እንደሚያገዝፍ ግን መታወቅ አለበት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በኤስ ኤንድ ፒ 500 ውስጥ ያሉት አሥሩ ትልልቅ ኩባንያዎች ብቻቸውን ከጠቅላላው ክብደት ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይዘዋል። ስለዚህ «500 ኩባንያ ነው» ሲባል ገንዘቡ ለ500 እኩል ተበትኗል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው።

አማካይ ውጤት ለምን ይበቃል?

እ.ኤ.አ. በ1971 የአሜሪካው ባንክ ዌልስ ፋርጎ ለሻንጣ አምራቹ ሳምሶናይት ኩባንያ የጡረታ ገንዘብ በ6 ሚሊዮን ዶላር የመጀመሪያውን የኢንዴክስ ሒሳብ ከፈተ። ለተራው ቆጣቢ የሚሆነውን ግን በ1976 ያቀረበው ቫንጋርድ የተባለው የፈንድ ድርጅት መሥራች ጆን ቦግል ነው። 150 ሚሊዮን ዶላር ለመሰብሰብ ታስቦ የተገኘው 11.3 ሚሊዮን ብቻ ነበር። በሙያው ውስጥ የነበሩት ሰዎች ተሳለቁበት፤ አማካይ ውጤት ፈልጎ ገንዘቡን የሚያወጣ ማነው የሚል ነበር ክርክራቸው።

መልሱ ስሌት ነው። በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ዊልያም ሻርፕ በ1991 በግልጽ እንዳስቀመጡት፣ የአንድ ገበያ አክሲዮኖች በሙሉ የአንድ ሰው ወይም የሌላው ናቸው። ገበያው በዓመቱ 7 በመቶ ካደገ፣ ባለቤቶቹ ሁሉ ተደምረው ያገኙት 7 በመቶ ነው። ከእነሱ ውስጥ ኢንዴክስ የያዙት 7 በመቶ ካገኙ፣ እየመረጡ የሚገዙትም በጥቅሉ ከወጪ በፊት ያገኙት ያው 7 በመቶ ነው፤ ሌላ ቁጥር ሊሆን አይችልም። አንዱ መራጭ 12 አገኘ ማለት ሌላው ከ7 በታች አገኘ ማለት ነው። ከዚያ ሁለቱም ወጪያቸው ይቀነሳል። መራጮቹ ለተንታኝ፣ ለግብይትና ለአስተዳደር የሚከፍሉት ስለሚበልጥ በእጃቸው የሚቀረው በጥቅሉ ያንሳል። ገበያውን የሚበልጥ መራጭ አይገኝም ማለት አይደለም፤ ይገኛል። አስቸጋሪው ነገር ማን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቁ ነው፣ ላለፉት አምስት ዓመታት ጥሩ ያገኘ ፈንድ ለሚቀጥሉት አምስት ጥሩ ያገኛል የሚል ዋስትና ስለሌለ።

የወጪውን ነገር በቁጥር ካላዩት ያታልላል። 10,000 ዶላር ለ30 ዓመት ተቀምጦ ከወጪ በፊት በየዓመቱ 7 በመቶ ያድጋል እንበል። ፈንዱ በዓመት 0.1 በመቶ ቢወስድ፣ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ወደ 74,000 ዶላር ነው። 1.5 በመቶ ቢወስድ ግን ወደ 49,800 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱ ከ24,000 ዶላር በላይ ነው፤ መጀመሪያ ከገባው ገንዘብ ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ሲነገር «አንድ ከግማሽ በመቶ» ስለሚባል ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ክፍያው የሚሰላው በትርፉ ላይ አይደለም፣ በጠቅላላው ገንዘብ ላይ ነው፤ ገበያው በወረደበት ዓመትም ይቆረጣል። የተቆረጠው ገንዘብ ደግሞ በሚቀጥሉት ዓመታት ሊወልድ የነበረውን ይዞ ይሄዳል። ደረሰኝ አይመጣልዎትም፣ ከፈንዱ ሀብት ላይ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነሳል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ምን ያህል እንደከፈለ ሳያውቅ ዕድሜውን ሙሉ የሚከፍለው።

ሲወርድ ምን ያህል ይወርዳል?

ኢንዴክስ ፈንድ ከአንድ ኩባንያ ኪሳራ ይጠብቃል። ከገበያው ሁሉ መውደቅ አይጠብቅም። ኤስ ኤንድ ፒ 500 እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2007 እስከ መጋቢት 2009 ባለው ጊዜ ወደ 57 በመቶ ወርዷል፤ ወደ ቀድሞ ከፍታው የተመለሰው በ2013 ነው። በ2020 በአንድ ወር ገደማ ውስጥ 34 በመቶ ወርዶ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አገገመ። ከእነዚህ የከፋው የጃፓኑ ኢንዴክስ ኒኬይ 225 ነው፤ በ1989 መጨረሻ የደረሰበትን ከፍታ እንደገና ያለፈው በየካቲት 2024 ነው፣ ከ34 ዓመት በኋላ። የአንድ አገር ገበያ ብቻ ለያዘ ሰው ከዚህ የበለጠ ማስጠንቀቂያ የለም። የዓለምን ገበያ በአንድ ላይ የሚከታተሉ ፈንዶች ያሉትም ለዚህ ነው፤ ለጀማሪ እነሱን እመርጣለሁ።

57 በመቶ የወረደ ነገር ቀድሞ ወደነበረበት ለመመለስ 133 በመቶ ማደግ አለበት። በዚያ መሀል ደንግጦ የሸጠ ሰው ኪሳራውን አጽድቆ ይወጣል። ስለዚህ በአምስት ዓመት ውስጥ የሚፈለግ ገንዘብ (የትምህርት ክፍያ፣ የቤት ቅድሚያ ክፍያ) እዚህ ውስጥ መግባት የለበትም። ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚያኖር መጠባበቂያ በባንክ መቀመጥ አለበት። ከፍተኛ ወለድ የሚታሰብበት ዕዳ ካለም መጀመሪያ እሱ ይከፈል፤ 18 በመቶ ወለድ ያለበትን ዕዳ መክፈል 18 በመቶ የተረጋገጠ ትርፍ እንደማግኘት ነው፤ ያን ያህል የሚያስተማምን ፈንድ የለም።

ከመግዛት በፊት የሚነበበው

እያንዳንዱ ፈንድ ዋና ዋና መረጃውን የያዘ አጭር ሰነድ ያወጣል። መጀመሪያ የሚታየው የትኛውን ኢንዴክስ እንደሚከታተል ነው፤ «ኢንዴክስ» የሚል ስም ስለያዘ ብቻ ሰፊ ነው ማለት አይደለም። የአንድ ዘርፍ 30 ኩባንያ ብቻ የያዘም ኢንዴክስ ፈንድ ይባላል፣ አደጋው ግን እጅግ ይለያል። ቀጥሎ ዓመታዊ ወጪው ይታያል። ለሰፊ ገበያ ከ0.3 በመቶ በላይ የሚያስከፍል ፈንድ ሲያገኙ አቻውን በርካሽ ይፈልጉ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፦ ፈንዱ ኢንዴክሱን ምን ያህል ተጠግቶ ተከትሏል? ባለፉት አምስት ዓመታት የፈንዱ ውጤት ከኢንዴክሱ በየዓመቱ በወጪው ያህል ብቻ ካነሰ ጥሩ ነው። ወጪው 0.2 በመቶ ሆኖ ልዩነቱ 0.8 ከሆነ ሌላ ቦታ የሚባክን ገንዘብ አለ። ሲያነጻጽሩ የትርፍ ድርሻ ተደምሮበት ከሚሰላው ኢንዴክስ ጋር ይሁን። በዜና የሚነገረው የኤስ ኤንድ ፒ 500 ቁጥር የትርፍ ድርሻን አይጨምርም፤ የጀርመኑ ዳክስ ግን ይጨምራል። ሁለቱን ቁጥሮች በቀጥታ ማወዳደር የተሳሳተ ሥዕል ይሰጣል።

በመጨረሻም ፈንዱ የትርፍ ድርሻውን በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ወይም መልሶ የሚያስገባ መሆኑን ይዩ። ለረጅም ጊዜ ለሚቆጥብ ሰው መልሶ የሚያስገባው ይቀላል፤ የግብር ሕጉ ግን ከአገር አገር ስለሚለያይ ሁለቱ በሚኖሩበት አገር እንዴት ግብር እንደሚከፈልባቸው አስቀድመው ያረጋግጡ።

መራቅ ያለብዎት አንድ ዓይነት አለ፦ የኢንዴክሱን የቀን ለውጥ በሁለት ወይም በሦስት የሚያባዛው። ኢንዴክሱ ከ100 ወደ 90 ወርዶ በማግስቱ ወደ 100 ቢመለስ፣ ተራው ፈንድ አልከሰረም። እጥፍ የሚያባዛው ግን መጀመሪያ 20 በመቶ ወርዶ 80 ይሆናል፣ ከዚያ በ22.2 በመቶ ወጥቶ 97.8 ላይ ይቆማል። ገበያው ወደ ቦታው ተመልሷል፣ የእርስዎ ገንዘብ ግን 2.2 በመቶ ጎድሏል። ገበያው ለወራት ሲወዛወዝ ይህ ጉድለት ይጠራቀማል። በኢንዴክስ ፈንድ ስም «በየወሩ 5 በመቶ የተረጋገጠ ትርፍ» የሚል ሰው ደግሞ አጭበርባሪ ነው። ነገው ምን እንደሚሆን የማይታወቅ ገበያ የሚከተል ፈንድ ቋሚ ትርፍ ቃል ሊገባ አይችልም።

መግዛትና መውጣት

ሒሳብ የሚከፈተው በተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ባለው ደላላ ወይም በፈንዱ ድርጅት በኩል ነው። ፈቃዱን ደላላው በሚልከው ሊንክ ሳይሆን በተቆጣጣሪው በራሱ ድረ ገጽ ላይ ይፈልጉት። በአግባቡ በተቋቋመ ፈንድ አክሲዮኖቹ የሚቀመጡት በሌላ ጠባቂ ድርጅት ዘንድ ነው፤ የፈንዱ ድርጅት ቢከስር እንኳ አበዳሪዎቹ ሊወስዷቸው አይችሉም።

በየወሩ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ማስገባት ለደመወዝተኛ ይመቻል፤ ገበያው ሲረክስ ብዙ፣ ሲወደድ ጥቂት ይገዛል። ኮሚሽኑን ግን ያስሉ። በአንድ ግዢ 5 ዶላር የሚያስከፍል ደላላ ዘንድ በወር 50 ዶላር የሚገዛ ሰው 10 በመቶውን በሩ ላይ ጥሎ ይገባል። እንዲህ ከሆነ በየሦስት ወሩ አጠራቅሞ መግዛት ይሻላል። እንደ አክሲዮን ቀኑን ሙሉ በገበያ ላይ የሚሸጥ የሚገዛ ፈንድ ከሆነ፣ የሚከፍሉትን ከፍተኛ ዋጋ ወስነው ይዘዙ፤ ገበያው በተከፈተባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት ሊሰፋ ይችላል። ፈንዱ ከሚኖሩበት አገር ሌላ በሆነ ገንዘብ የሚሠራ ከሆነም የምንዛሪው መውጣትና መውረድ ከገበያው በላይ ተጨማሪ ትርፍ ወይም ኪሳራ ያመጣል።

ገንዘቡ የሚፈለግበት ቀን ሲቃረብ ሁሉንም በአንድ ቀን ለመሸጥ መጠበቅ አደገኛ ነው። ቀኑ ሦስት ዓመት ሲቀረው ድርሻዎቹን ለስድስት ከፍሎ በየስድስት ወሩ አንዱን እየሸጡ ወደ ባንክ ተቀማጭ ወይም ወደ አጭር ጊዜ የመንግሥት ቦንድ ማዛወር ይቻላል። የመሸጫ ቀኖቹን አስቀድመው ይጻፉና ገበያው በዚያ ሰሞን የቱንም ያህል ቢወጣ ወይም ቢወርድ አይቀይሯቸው።