የሐሰት መታወቂያና የሽብር ወንጀል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ሐሰተኛ መታወቂያ ማለት ማኅተሙና ቲተሩ ተቀርጾ የተሠራ ወረቀት ነው።»

ደሴ ላይ ስለዚህ ነገር ወሬ ሲነሳ ሰው የሚያስበው ደላላውንና ማተሚያውን ነው። ነገር ግን ከቀበሌ ቢሮ በትክክለኛ ፊርማና ማኅተም የወጣ መታወቂያም በሐሰት ቃል ከተገኘ ያው ማጭበርበር ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለመቀጠር የመጣና ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ ያልያዘ ወጣት «ሰፈራችን ኖሯል ብላችሁ መስክሩልኝ» ብሎ ቢለምን፣ የሚመሰክርለት አያጣም፤ የወሎ ሰው ደግሞ እምቢ ማለት ይከብደዋል። መስካሪው የሚያስበው ስለ ልጁ እንጀራ እንጂ ስለ ፊርማው አይደለም። ሆኖም በዚያው በር ሌላም ይገባል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በአሜሪካ ጥቃት ካደረሱት 19 ጠላፊዎች 7ቱ የቨርጂኒያ ግዛት መታወቂያ ያወጡት በሐሰተኛ የነዋሪነት ማረጋገጫ ነበር፤ ካርዱ ራሱ ግን እውነተኛ ነበር።

«ሐሰተኛ መታወቂያ የያዘ ሁሉ በሽብር ይከሰሳል።»

አይደለም፤ የሚለየው ዕውቀቱና ዓላማው ነው። ሰነድ ማስመሰልና በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የሚታይ ሲሆን፣ ለሽብር ተግባር እንደሚውል እያወቁ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ወይም ማቀበል ግን የቀድሞውን የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ዓ.ም. በተካው አዋጅ ቁጥር 1176/2012 ዓ.ም. ሽብርን የመደገፍ ወንጀል ይሆናል።

«ወረቀት የሠራ ሰው ማንንም አልገደለም፤ ቅጣቱ ለምን ይከብዳል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ መታወቂያው በሚከፍተው ነገር ላይ ነው፦ ቤት መከራየት፣ ሲም ካርድ ማውጣት፣ የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ ኬላ ማለፍ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ መታወቂያ አስመስሎ ለሠራ ሰው የሚያስቀምጠው ጣሪያ 15 ዓመት ሲሆን፣ ድርጊቱ ሽብርን ለማገዝ ከሆነ እስከ 30 ዓመት ይደርሳል። የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2001 ባጸደቀው ውሳኔ ቁጥር 1373 አገሮች የመታወቂያና የጉዞ ሰነድ አሰጣጣቸውን እንዲቆጣጠሩና ማስመሰልን እንዲከላከሉ አስገድዷል።

«ፋይዳ ከመጣ ወዲህ ይህ ሁሉ አብቅቷል።»

ብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ ፋይዳ የጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ወስዶ ለአንድ ሰው አንድ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ያው ሰው በሁለት ስም እንዳይመዘገብ በእጅጉ ይከላከላል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አሻራ ስም አይናገርም። ስሙና የልደት ዘመኑ የሚሞሉት ተመዝጋቢው ካቀረበው ሰነድ ወይም ከምስክር ቃል ስለሆነ፣ መነሻው ሐሰት ከሆነ ሐሰቱ ከአሻራው ጋር አብሮ ይመዘገባል። በአገሪቱ የሚኖር የውጭ ዜጋም መመዝገብ ስለሚችል ካርዱ የዜግነት ማስረጃ አይደለም።