ግራንጅ እና ብሪትፖፕ፦ የሲያትልና የእንግሊዝ ሮክ ፉክክር

ግራንጅ በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ፣ በሲያትል ከተማና በዙሪያዋ የተወለደ የሮክ ስልት ነው። ብሪትፖፕ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ በእንግሊዝ የመጣ፣ ለግራንጅ መልስ ነኝ ብሎ የተነሳ የሮክ እንቅስቃሴ ነው። ሁለቱም የገነኑት በ1990ዎቹ ነው። ሁለቱም የቆሙት በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ነው። ስማቸው ሲነሳም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ባላንጣ ነው። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ፉክክሩ የአንድ ወገን ነበር። እንግሊዞቹ ሲያትልን ለመጣል ተነሱ። ሲያትሎቹ ዞር ብለውም አላዩአቸው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሲያትል ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አገር አይደለችም። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩባታል፤ እንጀራና ቡና ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1980ዎቹ ግን ከአሜሪካ የሙዚቃ ገበያ የራቀች ጥግ ነበረች። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ያሉት በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ ነው። ታዋቂ ባንዶች አገር ለአገር ሲዞሩ ብዙ ጊዜ ይዘሏታል። ከመኸር እስከ ፀደይ ሰማዩ ጠቁሮ ይከርማል። ወጣቶቹ በየቤቱ ምድር ቤት ገብተው እርስ በርስ ይጫወቱ ነበር። የሚያያቸው ስላልነበረ ማንንም መምሰል አላስፈለጋቸውም። ስለዚህ ፈጣንና ቀላል የሆነውን ፓንክ ሮክ ከከባዱ ሄቪ ሜታል ጋር ቀላቀሉት። ያኔ የሁለቱ ስልቶች አድናቂዎች በሌላ ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ አብረው ለመቆምም ይቸገሩ ነበር።

ግራንጅ ማለት በእንግሊዝኛ እድፍ፣ ቆሻሻ ማለት ነው። ቃሉን ለዚህ ሙዚቃ መጀመሪያ ማን ሰጠው የሚለው ያከራክራል። በሰፊው ያሰራጨው ግን ሰብ ፖፕ የተባለው የሲያትል አሳታሚ ነው። በ1987 ግሪን ሪቨር የተባለውን ባንድ ሥራ ሲያስተዋውቅ ይህንኑ ቃል ተጠቅሟል። ስሙ ለድምፁ በትክክል ይገባዋል። ጊታሩ በእግር በሚረገጥ ፔዳል ውስጥ ያልፍና ሸካራ፣ የሚያጉረመርም ሆኖ ይወጣል። መድሃኒ የተባለው ባንድ በ1988 ያወጣውን አነስተኛ አልበም የሰየመው በሁለት እንዲህ ዓይነት ፔዳሎች ስም ነው። ወፍራሙን ክርም ብዙዎቹ ከተለመደው ዝቅ አድርገው ይቃኙታል፤ ድምፁ ይከብዳል። ኒርቫና ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበረው። ዘፈኑ ዝግ ብሎ፣ በሹክሹክታ ይጀምርና አዝማቹ ላይ ሲደርስ ይፈነዳል። መሪው ከርት ኮቤይን ይህን ከቦስተኑ ፒክሲስ ባንድ እንደወሰደው ራሱ ተናግሯል።

ሰብ ፖፕን ያቋቋሙት ብሩስ ፓቪትና ጆናታን ፖንማን ገንዘብ አልነበራቸውም። ብልሃት ግን ነበራቸው። በ1989 ኤቨረት ትሩ የተባለውን የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ወጪውን ሸፍነው ሲያትል ድረስ አስመጡት። እሱም በለንደኑ ሜሎዲ ሜከር ጋዜጣ ላይ ከተማዋን አሞግሶ ጻፈ። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ኋላ ግራንጅ በዛብን ብሎ የጮኸው የእንግሊዝ ፕሬስ ራሱ ነው ለዓለም ካስተዋወቁት ግንባር ቀደሙ። የኒርቫና የመጀመሪያ አልበም ብሊች የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ጃክ ኢንዲኖ በአነስተኛ ስቱዲዮ ቀዳው። ወጪው 606 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነበር። ልጆቹ ይህን እንኳ መክፈል አልቻሉም። የከፈለላቸው ጄሰን ኤቨርማን የተባለ ወዳጃቸው ነው። ለምስጋና ስሙን በጊታር ተጫዋችነት ሽፋኑ ላይ አሰፈሩለት፤ በአልበሙ ላይ ግን አንድም ኖታ አልተጫወተም። እንዲህ ያለ ጓደኝነት በየትኛውም የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ውድ ነው።

ከዚያ 1991 መጣ። በነሐሴ የፐርል ጃም ቴን፣ በመስከረም 24 የኒርቫና ኔቨርማይንድ፣ በጥቅምት የሳውንድጋርደን ባድሞተርፊንገር የተባሉት አልበሞች ወጡ። ሦስቱም ባንዶች ከሲያትልና ከዙሪያዋ! አሳታሚው ለኔቨርማይንድ ያን ያህል ተስፋ ስላልነበረው መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ያሰራጨው ከ50,000 ያነሰ ቅጂ ነበር። በጥር 1992 አልበሙ የማይክል ጃክሰንን ዴንጀረስ ቢልቦርድ ከተባለው የአሜሪካ የአልበም ሰንጠረዥ አንደኛ ደረጃ አወረደው። ከአበርዲን፣ ከእንጨት ቆራጮች ከተማ የመጣው ኮቤይን የፖፑን ንጉሥ ገፍቶ ቦታውን ያዘ። የፍላኔል ሸሚዝ በዚያ አገር የእንጨት ሠራተኛ ልብስ ነው፤ ይሞቃል፣ ርካሽ ነው። በ1992 መጨረሻ የኒው ዮርክ ፋሽን ትርኢት ላይ በውድ ጨርቅ ተሰፍቶ ታየ። ሴቶቹም ወደኋላ አላሉም፤ የሎስ አንጀለሶቹ ባንዶች ኤልሰቨንና ሆል ከሲያትል ባይሆኑም የሚቆጠሩት ከዚሁ ወገን ነው።

ሐዘኑም ከመጀመሪያው ነበረበት። ማዘር ላቭ ቦን የተባለው የሲያትል ባንድ ድምፃዊ አንድሩ ዉድ በ1990 በሄሮይን ምክንያት በ24 ዓመቱ ሞተ። ኮቤይን በሚያዝያ 1994 በ27 ዓመቱ ሕይወቱን አጠፋ። የአሊስ ኢን ቼይንሱ ሌይን ስቴሊ በ2002፣ የሳውንድጋርደኑ ክሪስ ኮርኔል በ2017 ተከተሉ።

ወደ እንግሊዝ እንሻገር። ብለር የተባለው ባንድ በ1992 እዳ ውስጥ ገብቶ ለወራት አሜሪካን ዞረ። አዳራሹ ሁሉ በግራንጅ ተይዟል። የሚያደምጣቸው የለም። ልጆቹ ጠጡ፣ ተጣሉ፣ አገራቸው ናፈቃቸው። መሪያቸው ዴመን አልባርን ስለ እንግሊዝ የሚዘፍን ሰው ሆኖ ተመለሰ። ፓንክ ሂፒዎችን ለማስወገድ ከመጣ እኔ ደግሞ ግራንጅን አስወግዳለሁ የሚል ንግግር ያደረገው በ1993 ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሴሌክት መጽሔት ሱዌድ የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ ድምፃዊ ብሬት አንደርሰንን በእንግሊዝ ባንዲራ ፊት አቁሞ፣ አሜሪካኖች ወደ አገራችሁ የሚል መልእክት ሽፋኑ ላይ አወጣ። ፉክክሩ በይፋ የታወጀው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። የሱዌድ የመጀመሪያ አልበም በመስከረም ለዓመቱ ምርጥ አልበም የሚሰጠውን የመርኩሪ ሽልማት ወሰደ።

የብሪትፖፕ ድምፅ ንጹሕ ነው። ዜማው ይቀድማል። ከ1960ዎቹ ቢትልስና ኪንክስ ብዙ ተበድሯል። ድምፃዊው በአሜሪካ ቅላፄ አይዘፍንም፤ የሰፈሩን አነጋገር እንዳለ ያመጣዋል። ግጥሙም የራስን ስቃይ ሳይሆን ሰው ያሳያል፤ ጎረቤት፣ መጠጥ ቤት፣ የሕዝብ በዓል ቀን። በዚህ ከሁሉም የሚበልጠው የሼፊልዱ ፐልፕ ነው። መሪው ጃርቪስ ኮከር ባንዱን የመሠረተው በ1978 ገና ተማሪ ሳለ ነው። ታዋቂ የሆነው ከ15 ዓመት በላይ ለፍቶ ነው። በ1995 በእንግሊዝ ሁለተኛ ደረጃ የያዘው ኮመን ፒፕል የተባለው ዘፈኑ፣ ድህነትን እንደ ሽርሽር ልትሞክረው ስለፈለገች የሀብታም ልጅ ነው። ከኮቤይን ምሬት ያልተናነሰ ቁጣ አለው፤ ሰው ግን እየጨፈረ ነው የሚሰማው።

ኦኤሲስ የመጣው ከማንቸስተር ከሠርቶ አደር ቤት ነው። ወንድማማቾቹ ኖኤልና ሊያም ጋላገር የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸውን ያወጡት ሚያዝያ 11 ቀን 1994 ነው። የኮቤይን አስከሬን ከተገኘ ሦስት ቀኑ ነበር። አጋጣሚ ነው፤ ግን ብዙዎች ዘመን የተሻገረበት ቀን አድርገው ይቆጥሩታል። ኖኤል ሊቭ ፎርኤቨር የተባለውን ዘፈን ኒርቫና ራስን ስለመጥላት ከሠራው ዘፈን ጋር እያነጻጸረ፣ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር መስማት የለባቸውም ብሏል። ኮቤይንን ግን አልናቀውም፤ ተሰጥኦውን በግልጽ አድንቋል።

ነሐሴ 14 ቀን 1995 ብለርና ኦኤሲስ ነጠላ ዜማ በአንድ ቀን አወጡ። ኦኤሲስ ሮል ዊዝ ኢት፣ ብለር ካንትሪ ሃውስ። ጋዜጦች ጦርነት አሉት። ቢቢሲ በማታው ዜና አቀረበው። ሰው ለሁለት ተከፈለ፤ ደቡብ ከሰሜን፣ መካከለኛው መደብ ከሠርቶ አደሩ። የሳምንቱ ሽያጭ ሲቆጠር ብለር 274,000፣ ኦኤሲስ 216,000 ሆነ። የኦኤሲስ ደጋፊዎች ውጤቱን እስካሁን አይቀበሉትም። ብለር በሁለት ዓይነት ሲዲ አውጥቷል፣ ዋጋውም ቀንሶ ነበር ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ያም ሆኖ ሕጉ ይፈቅድ ነበር። ደግሞ አሸናፊው ብዙም አልቆየ። የኦኤሲስ ሁለተኛ አልበም በጥቅምት ወጣና ሁሉንም ጥሎ ሄደ። ዎንደርዎል የተባለው ዘፈናቸው አሜሪካ ውስጥ 8ኛ ደረጃ ደረሰ። ነሐሴ 10 እና 11 ቀን 1996 ኔብዎርዝ በተባለ የእንግሊዝ ሥፍራ በሁለት ቀን 250,000 ሰው ተሰበሰበላቸው። ትኬት የጠየቀው ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ ይታያል። በዚህ ሁሉ ግርግር ውስጥ ሲያትል የለችም። እንግሊዞቹ የተፎካከሩት እርስ በርስ ነው። ፐርል ጃም በዚያ ጊዜ ሌላ ጠብ ላይ ነበር፤ ትኬት ተወደደብን ብሎ ቲኬትማስተር ከተባለው ትኬት ሻጭ ድርጅት ጋር ተሟግቷል፣ በሰኔ 1994 አባላቱ ለአሜሪካ ምክር ቤት ምስክርነት ሰጥተዋል። አድናቂው ትኬቱን በርካሽ እንዲገዛ ብሎ ከገበያው ጋር የተጣላ ባንድ በብሪትፖፕ በኩል አላጋጠመኝም።

ብሪትፖፕ በ1997 ደከመ። ኖኤል በሐምሌ ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌየር ቤት ሄዶ ሲጨባበጥ ታየ። በነሐሴ የወጣው ቢ ሂር ናው አልበም በፍጥነት ተሸጠ፣ በፍጥነትም ተሰለቸ።

ብለር ግን በዚያው ዓመት መጀመሪያ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። ጊታር ተጫዋቹ ግራም ኮክሰን የአሜሪካን ሸካራ ሮክ ከልቡ ይወድ ነበር። አዲሱ አልበማቸው ወደዚያው አዘነበለ። ሁለተኛው ዘፈን ሶንግ ቱ ይባላል፤ ርዝመቱ 2 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ነው። ዝግ ብሎ ይጀምራል። አዝማቹ ላይ ፔዳሉ ይረገጥና ጊታሩ ይፈነዳል። ግራንጅን አስወግዳለሁ ያለው ድምፃዊ አፉን ከፍቶ ይጮኻል። ዘፈኑ በእንግሊዝ ሁለተኛ ደረጃ ያዘ፣ በአሜሪካም ብለርን ያስተዋወቀው እሱ ሆነ። ፊፋ 98ን በኮምፒውተር የተጫወተ የኛ አገር ልጅም ስሙን ባያውቀው እንኳ፣ ጨዋታው ሲከፈት የሚሰማውን ዉ ሁ የሚለውን ጩኸት አይረሳውም።