ዋይ ክሩ ምንድን ነው? የታይላንድ ቦክሰኞች ከፍልሚያ በፊት ለምን ይሰግዳሉ?

ሙዋይ ታይ የሚባለውን የታይላንድ ቦክስ ፍልሚያ በዩቲዩብ ስታዩ መጀመሪያ ላይ ግር የሚል ነገር አለ። ሁለቱ ተፋላሚዎች ሪንግ ውስጥ ገብተዋል፤ ግን ማንም ማንንም አይመታም። ተንበርክከው ይሰግዳሉ፤ ከዚያ በሙዚቃ ቀስ እያሉ ይጨፍራሉ። አብዛኛው ተመልካች ይህችን ክፍል አሳልፎ ወደ ድብድቡ ይሮጣል። እባካችሁ አታሳልፏት። ታይላንዶችን ለመረዳት ከድብድቡ ይልቅ እሷ ትጠቅማለች።

ስርዓቱ ዋይ ክሩ ይባላል፤ ለመምህር እጅ መንሳት ማለት ነው። ተከትሎት የሚመጣው ጭፈራ ደግሞ ራም ሙዋይ ነው።

አካሄዱ ቦክሰኞች ከሚሰለጥኑበት ካምፕ ካምፕ ይለያያል፤ ዋናው ነገር ግን ተመሳሳይ ነው። ቦክሰኛው ገመዱን በእጁ እየነካ ሪንጉን ይዞራል። መሃል ላይ ይንበረከክና ግንባሩን ወለሉ ላይ አስነክቶ ሦስት ጊዜ ይሰግዳል። ከዚያ በጉልበቱ እንዳለ ወደፊትና ወደኋላ እየተወዛወዘ እጆቹን ያሽከረክራል፤ ቀጥሎ ተነስቶ ይጨፍራል። አንዱ ቀስት የሚወረውር ይመስላል፤ ሌላው ለተጋጣሚው መቃብር የሚቆፍር። ሙዚቃው በቦታው የሚጫወት ነው፤ ፒ የተባለ የሚነፋ መሣሪያ፣ ሁለት ከበሮና እርስ በርስ የሚጋጩ ትናንሽ የናስ ሳህኖች። በዋይ ክሩ ጊዜ ዝግ ይላል፤ ፍልሚያው ሲጀመርና ሲጋጋል ይፈጥናል።

እኔን በጣም የሚማርከኝ ግን ጭንቅላት ላይ የሚታሰረው ነገር ነው። ሞንግኮን ይባላል፤ የተገመደ ክብ ማሰሪያ ነው። ቦክሰኛው እንደ ልቡ የሚያጠልቀው ዕቃ አይደለም። መምህሩ ያጠልቅለታል፤ ጭፈራው ሲያልቅም መምህሩ ጸሎት አድርሶ ያወልቅለታል። መሬት እንዲነካ አይፈቀድም። ክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ፣ ፕራጂያት፣ ግን በፍልሚያውም ጊዜ እዚያው ይቆያል።

ይህ ሁሉ ክብር ለአሰልጣኝ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ከታወቁት ቦክሰኞች ብዙዎቹ ኢሳን ከሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ድሃ ገበሬ ቤተሰብ የወጡ ናቸው። ገና በልጅነታቸው ካምፕ ይገባሉ፤ እዚያው ያድራሉ፣ እዚያው ይበላሉ። መምህሩ የሚያሰለጥናቸው ብቻ ሳይሆን የሚያሳድጋቸውም ነው። ስለዚህ የመድረክ ስማቸው ላይ የካምፑን ወይም የመምህሩን ስም ይጨምራሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ለታይላንድ የመጀመሪያውን ወርቅ ያመጣው ቦክሰኛ ሶምሉክ ካምሲንግ ሙዋይ ታይ ሲጫወት ፒማራንሌክ ሲትአራን ይባል ነበር። ሲትአራን ማለት የአራን ተማሪ ነው። በ2004 እና በ2006 ኬ-ዋን ማክስ የተባለው የኪክቦክሲንግ ውድድር ሻምፒዮን የሆነው ቡዋካውም ዓለም ያወቀው ፖ ፕራሙክ በሚለው የካምፑ ስም ነው። በ2012 ከካምፑ ተለይቶ የራሱን ሲያቋቁም ስሙም አብሮ ተቀየረ፤ ዛሬ ቡዋካው ባንቻሜክ ነው።

ታዮች ስለ ዋይ ክሩ ሲነሳ ናይ ካኖም ቶምን ሳያነሱ አያልፉም። አዩታያ የምትባለው የድሮዋ ዋና ከተማቸው በ1767 በበርማ ጦር ወደመች፤ ብዙ ሰው ተማርኮ ተወሰደ። እንደሚተረከው ከምርኮኞቹ አንዱ ቦክሰኛው ናይ ካኖም ቶም ነበር። በ1774 በበርማው ንጉሥ ፊት እንዲጋጠም ታዘዘ። መጀመሪያ ዋይ ክሩውን ጨፈረ፤ ከዚያ ተጋጣሚውን ጣለው። ዳኛው ግን አልተቀበለም፤ ሰውየው በጭፈራው ተደናግሮ ነው አለ። ስለዚህ ሌሎች ዘጠኝ ተጨመሩበት፤ እነሱንም ያለ ዕረፍት አሸነፈ። ንጉሡም ተደንቆ ነጻነቱን ሰጠው ይባላል። አፈ ታሪኩ ከታሪኩ የት ላይ እንደሚለይ ማንም ቆርጦ አይነግራችሁም። ታዮች ግን በየዓመቱ ማርች 17 ቀኑን ያከብሩለታል፤ አዩታያ ውስጥም ሐውልት አለው። ምርኮኛ ሆኖ፣ በጠላት ንጉሥ ፊት ቆሞ፣ አስቀድሞ መምህሩን ማሰቡ ነው የሚያስደንቃቸው።

ስርዓቱ የቦክሰኞች ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ። ትምህርት ቤቶችም የዋይ ክሩ ቀን አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በጁን ወር፣ ሐሙስ ቀን። ተማሪዎች በጉልበታቸው ሄደው ለመምህራኖቻቸው አበባ ያቀርባሉ። አበባው ዝም ብሎ የተለቀመ አይደለም። ሰርዶ አለበት፤ ሰርዶ ቢረግጡትም መልሶ ይበቅላልና የጽናት ምልክት ነው። የደበርጃን አበባ አለ፤ ወደ ምድር ስለሚያጎነብስ ትሕትናን ያሳያል። ሌላው እንቡጡ እንደ መርፌ የሾለ አበባ ነው፤ የሰላ አእምሮ ምኞት።

ከሪንጉ ወግ መለወጥ የነበረበት አንድ ነገር ነበር። ባንኮክ የሚገኘው ዝነኛው ሉምፒኒ ስታዲየም ከ1956 ጀምሮ ሲሠራ ሴት ሪንጉን እንድትነካ እንኳ አይፈቅድም ነበር፤ የሪንጉ በረከት ይጠፋል ተብሎ ይታመናል። በሌሎች ብዙ ቦታዎችም ወንዶቹ በላይኛው ገመድ ተሻግረው ሲገቡ ሴቶቹ በታችኛው ገመድ ስር እንዲገቡ ይደረጋል። ሉምፒኒ ክልከላውን ያነሳው በ2021 ነው። ሴቶቹም ያው እንደ ወንዶቹ መምህር አላቸው፣ ካምፕ አላቸው፣ ክብር የሚሰጡት ሰው አላቸው፤ ይህን ሪንጉ መሃል ተንበርክከው ማሳየት መቻላቸው እንዲያውም ዘግይቷል።